«ምን አድርጎ ነው የሚፈለገው?» ስለ ካውቦይ ታፔላዎች የተናገርኩት

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ዳላስ አካባቢ፣ ሀበሾች በምንሰበሰብበት አዳራሽ፣ ስለ እንጨት ሥራዬ እንዳወራ ተጠርቼ ነበር። ያልመጡ ሰዎች «ጻፈውና እናንብበው» ብለው ስለጨቀጨቁኝ ይኸው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት። ቡና የተደፋበትንና ማይኩ የጮኸበትን ብቻ ዘልያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ግቡ። ፊት መቀመጥ ማንም እንደማይወድ አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም።

ከእናቴ ልጀምር።

የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ፎርት ዎርዝ ወስደነው የካውቦይ ባርኔጣ አድርጎ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ያንን ፎቶ አርጅቶ የወየበ በሚመስል ወረቀት ላይ ያትሙላችኋል። ከላይ በትልልቁ «ዋንትድ» ይላል፣ ተፈላጊ ማለት ነው። ከፎቶው ስር «በሕይወትም ሆነ በሞት»፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ «ሽልማት 5,000 ዶላር»። ዳር ዳሩ የተቃጠለ ይመስላል። ሚስቴ በጣም ወደደችው። እኔም በጣውላ ላይ ለጥፌ ሳሎን ሰቀልኩት።

እናቴ በመጣች በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የለም። ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው። ፈልጌ ፈልጌ አልጋዋ ስር አገኘሁት፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። ለካ ልጁን «ይሄ ምን ይላል?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱም በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ፖሊስ እኔን ይፈልጋል፣ ቢገድሉኝም ብር ይሰጣሉ» ብሎ ተርጉሞላታል። ትክክል እኮ ነው የተረጎመው!

«ምን አድርጎ ነው የሚፈለገው?» አለችኝ።

ጨዋታ ነው አልኳት። ጨዋታ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። «በልጅ ስም እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም» አለች፣ አለቀ። እናቴ ወጣትነቷን በደርግ ዘመን ያሳለፈች ሴት ናት። ለእሷ የሰው ስም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ደግ ነገር አይከተልም።

እኔ እንግዲህ እንጀራዬ በከፊል ከእነዚህ ታፔላዎች ነው። በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማታ ማታ ግን ጋራዤ ውስጥ እሠራቸዋለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ገበያ አወጣቸዋለሁ። ስንቱን «ተፈላጊ» ቆርጬ፣ ቀብቼ፣ ሸጬ ይሆን። አንድም ቀን ግን ምን እንደሚል አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴ አልጋ ስር ከከተተችው በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ያገኘሁት ነገር ይሄ ነው። በካውቦይ ታፔላ ላይ የምታዩት ነገር ሁሉ፣ ፊደሉም፣ ምልክቱም፣ ሽቦውም፣ እንጨቱም፣ አንድ ጊዜ ሥራ ነበረው። ጌጥ የሆነው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሥራውን ካወቃችሁለት የትኛው ለቤታችሁ እንደሚሆን ራሳችሁ ትለያላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው፣ እንዳትደናገሩ።

እስቲ ከዚያው ከ«ተፈላጊ» እንቀጥል። የ5,000 ዶላሩ ነገር ከየት መጣ? ጄሲ ጀምስ የሚባል ባቡርና ባንክ ዘራፊ ነበር፣ የሚዙሪ ሰው። በ1881 የሚዙሪ ገዥ ቶማስ ክሪተንደን በእሱና በወንድሙ በፍራንክ ላይ ሽልማት አወጁ፣ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር። ገንዘቡ የመጣው በዝርፊያው ከተማረሩት ከባቡር ኩባንያዎች ነው። አዋጁ ግን እኛ እንደምንሰቅለው አይደለም። ፎቶ የለውም። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት በሉት። መሐሉ ላይ ፎቶ፣ ከስሩ ቁጥር፣ ዳሩ የተቃጠለ የሚለው አሠራር በአብዛኛው የሲኒማና የቱሪስት ሱቅ ሥራ ነው።

ደግሞ ጄሲ ጀምስ እንዴት እንደሞተ ታውቃላችሁ? ስለ ግድግዳ ጌጥ እያወሩ ይሄን መዝለል ኃጢአት ነው። በሚያዝያ 1882 ቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስዕል ሊያስተካክል ዞር ሲል፣ የራሱ ቡድን አባል የሆነ ሮበርት ፎርድ የሚባል ልጅ ከኋላው ተኮሰበት። ሽልማቱን ፈልጎ ነው። ስለዚህ ሚስቶቻችሁ «ያቺ ስዕል ተጣማለች፣ አስተካክላት» ሲሏችሁ መጀመሪያ ዞር ብላችሁ ከኋላ ማን እንዳለ እዩ።

አሁን ይቺን ጣውላ ላሳልፍላችሁ፣ እያያችሁ አቀባብሉ። ፊደሎቹን እዩዋቸው። እግራቸው ከወገባቸው ይወፍራል አይደል? ቦት ጫማ ያደረጉ ነው የሚመስሉት። ይሄ ፊደል ሲታይ ሁሉም ሰው «ካውቦይ» ይላል። ግን ፊደሉ የካውቦይ አይደለም፣ የማተሚያ ቤት ነው። ወፍራም እግር ያለው ፊደል መጀመሪያ የታተመው ለንደን ነው፣ በ1810ዎቹ። ስሙን ደግሞ ምን አሉት? «ግብፃዊ»! ናፖሊዮን ግብፅ ከዘመተ በኋላ አውሮፓ ውስጥ የግብፅ ነገር ሁሉ ፋሽን ሆኖ ስለነበር እንጂ ፊደሉ ከግብፅ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስሙን ግብፅ፣ ልደቱን ለንደን፣ ዝናውን ቴክሳስ ያደረገ ፊደል ነው።

ወደ አሜሪካ ሲመጣ አንድ ችግር ገጠመው። የማተሚያ ፊደል ከቀለጠ እርሳስ፣ ከብረቱ ማለቴ ነው፣ ነበር የሚሠራው። ለመጽሐፍ ጥሩ ነው። ለግድግዳ ማስታወቂያ የሚሆን ክንድ የሚያክል ፊደል በእርሳስ ብትሠሩ ግን ለመሸከምም ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝም ፊቱ እኩል አይወጣም፣ ዋጋውም አይቀመስም። በ1827 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳርየስ ዌልስ የሚባል ሰው ፊደልን ከእንጨት በብዛት ማምረት ጀመረ። በቃ፣ ጉድ ፈላ። የሰርከስ፣ የባቡር፣ የጨረታ፣ የጠፋ ፈረስ ማስታወቂያ ሁሉ በእንጨት ፊደል ሆነ። በኋላ ትልቁ ፋብሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ቱ ሪቨርስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነበር፣ ከ1880 ጀምሮ። ዊስኮንሲን ካውቦይ የለም፣ አይብ ነው ያለው።

ሌላ ደግሞ አለ። በድሮ ማስታወቂያ ላይ አንዱ መስመር ቀጭንና ረጅም፣ ሌላው ድብልብል ያለ፣ ሦስተኛው ጢም ያበቀለ ፊደል ሆኖ ታያላችሁ። እኔ ለውበት ይመስለኝ ነበር። ለካ አታሚው እያንዳንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር መሙላት ስለፈለገ ነው። አጭር ቃል ከሆነ ሰፊውን ፊደል ያመጣል፣ ረጅም ቃል ከሆነ ቀጭኑን። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ። ድሮ ዝም ብዬ አምስት ዓይነት ፊደል እደባልቅ ነበር፣ የሚያምር እየመሰለኝ። አሁን ጣውላውን እለካና ቃሉ ራሱ ስፋቱን እንዲጠይቀኝ አደርጋለሁ። ልዩነቱን ሰው ባይነግራችሁም ዓይናችሁ ያውቀዋል።

ካውቦይ ራሱስ? እሱን በአጭሩ ላሳልፈው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያልቅ ቴክሳስ ውስጥ ባለቤቱ የማይታወቅ ከብት ሜዳውን ሞልቶታል። አንድ በሬ እዚህ 4 ዶላር ገደማ ነው፣ ሰሜን ቢደርስ ግን እስከ 40 ዶላር ያወጣል። ባቡሩ ደግሞ ካንሳስ ቆሟል። ስለዚህ በእግር መንዳት ነው። ከ1867 ጀምሮ አቢሊን ወደምትባለው የካንሳስ ከተማ ይነዱት ጀመር፣ ለወራት፣ በአቧራና በጎርፍ ውስጥ። ይሄ ሁሉ ስም የወጣለት ዘመን ሃያ ዓመት ቢሆን ነው። ሃያ ዓመት! እኔ እዚህ ሀገር ልሞላው ምን ቀረኝ።

ሥራውን ያስተማሩት ሜክሲኮዎች ናቸው። ራንች የሚሉት የከብት እርባታ፣ ሮዲዮ የሚሉት የካውቦይ ውድድር፣ ላሶ የሚሉት የከብት መያዣ ገመድ፣ ሁሉም ከስፓኒሽ የመጡ ቃላት ናቸው። ከካውቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ከአራት አንድ ያህሉ ጥቁሮች እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ሱቅ ሄዳችሁ ታፔላዎቹን እዩ፣ አንድ ጥቁር ካውቦይ ካገኛችሁ ጥሩኝ። ፎርት ዎርዝ ስቶክያርድስ፣ የድሮው የከብት ገበያ ሰፈር፣ የሄዳችሁ ከሆነ የቢል ፒኬትን ሐውልት አይታችኋል፣ በሬ ቀንዱን ይዞ ሲጥል። በ1870 ቴክሳስ የተወለደ ጥቁር ካውቦይ ነው። ከፈረስ ላይ ዘሎ በሬ የመጣልን ውድድር የፈጠረው እሱ ነው፣ ያውም የበሬውን ከንፈር በጥርሱ ነክሶ። አትሳቁ፣ እውነት ነው፣ ቡልዶግ ውሻ ሲያደርግ አይቶ ነው።

ታዲያ በ1994 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የምዕራቡን ጀግኖች ቴምብር ሲያወጣ ፒኬትንም ጨመረው። ቴምብሩ ታተመ፣ አለቀ፣ ከዚያ ቤተሰቡ አይቶ «ይሄ እኮ እሱ አይደለም» አለ። ወንድሙ ነበር! የወንድሙን የቤንን ፎቶ ነው ያተሙት። ፖስታ ቤቱ ሰብስቦ እንደገና አሳተመ። የተሳሳተውንም 150,000 ሉክ በዕጣ ሸጠው። እኔ ጋራዥ ውስጥ የእሱን ትንሽ ፎቶ ሰቅያለሁ። ትክክለኛውን፣ አረጋግጬ።

እሺ፣ አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የከብት መተኮሻ ምልክት።

እነዚያ ራንቾች በር ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የብረት ወይም የእንጨት ምልክት አይታችኋል አይደል? በመኪና ስታልፉ። ጌጥ አይደለም እሱ፣ ፊርማ ነው። አጥር ባልነበረበት ዘመን የአሥር ሰው ከብት አብሮ ይግጥ ነበር። የማን የማን እንደሆነ የሚለየው በትኩሱ ነው። ብረቱ እሳት ውስጥ ገብቶ ይግላል፣ የከብቱ ቆዳ ላይ ያርፋል፣ አለቀ፣ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይሄዳል።

ምልክቱ ደግሞ ይነበባል። ቋንቋ አለው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። ፊደሉ በጎኑ ከተጋደመ «ሰነፍ» ይባላል። ለምሳሌ የተጋደመ ኤስ ካያችሁ «ሰነፍ ኤስ» ብላችሁ ታነባላችሁ። ከስሩ እንደ ሚወዛወዝ ወንበር እግር ያለ ቅስት ካለው «የሚወዛወዝ» ነው። ክንፍ ካበቀለ «የሚበር» ነው። እግር ካወጣ «የሚራመድ»። ዝም ብሎ አግድም መስመር «ባር» ይባላል። ስለዚህ አንድ ታፔላ ላይ መስመር፣ ከጎኑ የተጋደመ ኬ ብታዩ «ባር ሰነፍ ኬ» ነው። ልጆቻችሁን አስተምሯቸው፣ መንገድ ላይ ስልካቸውን ጥለው በር በር ሲያነቡ ይውላሉ። የኔ ልጅ ከዳላስ እስከ ሳን አንቶኒዮ እንዲያ ነው የሄደው።

በጣም የታወቀው እዚህ ቴክሳስ የኪንግ ራንች ምልክት ነው፣ ተለጥጦ እንደ እባብ የሚሄድ ደብልዩ፣ «የሚሮጥ ደብልዩ»። ራንቹ በ1853 ተመሠረተ፣ ምልክቱ በ1869 ተመዘገበ። እስከ ዛሬ አለ። አንዴ አንድ ደንበኛ ፎቶውን አምጥቶ «ይቺን በትልቁ ሥራልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩት። የሰው ማኅተም እኮ ነው! እዚህ ቴክሳስ ምልክት በካውንቲ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ ከብቱ አካል ላይ የት ቦታ እንደሚተኮስም ጭምር፣ በየአሥር ዓመቱም ይታደሳል። ድሮ የሰው ምልክት ላይ ጭረት ጨምሮ ማበላሸት የሌባ ሙያ ነበር። እና እኔ ምን ቤት ነኝ?

አንድ ሰው ደግሞ ነበር፣ ሳሙኤል ማቨሪክ የሚባል፣ የቴክሳስ ሕግ አዋቂና ባለመሬት። ከብቶቹን አልተኮሰም። ምልክት የሌለው ጥጃ ባዩ ቁጥር ሰዎች «ይሄ የማቨሪክ ነው» ይሉ ጀመር። ስሙ ቃል ሆኖ ቀረ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ከመንጋው የተለየ ሰው ማቨሪክ ይባላል። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ስም ከዚያ ነው። ማሊያውን ለብሳችሁ የመጣችሁ አያለሁ፣ ያልተተኮሰ ጥጃ የሚል ነው የለበሳችሁት።

ሽቦውን በፍጥነት ልበለው። እሾሃማ ሽቦ የጠመጠሙበት ታፔላ አለ። ሽቦውን በ1874 ያስመዘገበው ጆሴፍ ግሊደን የሚባል የኢሊኖይ ገበሬ ነው። ያ ሽቦ ነው ሜዳውን ቆራርጦ የካውቦይን ሥራ ያስቀረው። ካውቦይን ያባረረውን ነገር በካውቦይ ስም መስቀል ለኔ ትንሽ ይገርመኛል። ግን ዋናው ምክር፣ ልጅ ባለበት ቤት ኮሪደር ላይ እንዳትሰቅሉት። የፈረሱ ጫማ ብረት ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚከፈተው ለምትሉኝ፣ ብዙው ሰው ዕድሉ እንዳይፈስ አፉን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ በሚገባው ሰው ላይ ይፍሰስ ብሎ ወደ ታች። ተጣሉበት እናንተ። እኔ ሁለት ሚስማር በደንብ መምታታችሁን ነው የማየው፣ ብረቱ ከባድ ነው፣ ራስ ላይ ቢወድቅ ዕድል አይባልም።

አሁን እንጨቱ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘባችሁ የሚሄደው እዚህ ነው።

ሰው የሚፈልገው ግራጫ የሆነ፣ የተሰነጠቀ፣ ብዙ ዝናብ ያየ የሚመስል ጣውላ ነው። እውነተኛው የሚገኘው ከፈረሰ የከብት በረት ወይም ጎተራ ነው። ግራጫው እንዴት ይመጣል? እንጨት ውስጥ ቃጫውን የሚያያይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ፀሐይ እሱን ትሰብረዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የቀረው ቃጫ ነጣ ብሎ ግራጫ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ቆዳው ላይ ብቻ ነው። ትንሽ በመላጊያ ብትሉት ከስሩ ትናንት የተቆረጠ የሚመስል እንጨት ይወጣል። አሮጌ ጣውላ ገዝተው፣ አምጥተው፣ «ትንሽ አለስልሰው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ሊያለሰልሱ የመጡት እኮ የከፈሉበትን ነገር ነው!

ትልልቅ ሱቆች የምታገኙት ግን በአብዛኛው ኤምዲኤፍ ነው፣ ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት። መለየት ቀላል ነው። ሁለት ተመሳሳይ ታፔላ አንሱና ጎን ለጎን አቁሟቸው። ስንጥቁ አንድ ነው። ጉጡም አንድ ነው። የትል ቀዳዳው ሳይቀር አንድ ቦታ ነው። መንትያ እንጨት የለም። እኔ መግዛት ነውር ነው አልልም፣ አሥር ዶላር ነው፣ ግዙ። ብቻ «ከድሮ በረት የተገኘ» ብሎ ሰማንያ ዶላር ለሚጠይቃችሁ ይሄን አድርጉ።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ፣ ልንገራችሁ። አንድ ሻጭ መቶ ዓመት የሆነው ብሎ አንድ ፒክአፕ ሙሉ ጣውላ አመጣልኝ። ያምራል። ከጣውላዎቹ አንዱን መኝታ ቤታችን ሰቀልኩት። ከወር በኋላ ሚስቴ ኮሞዲኖው ላይ የጤፍ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘች። ጠረገችው። በሦስተኛው ቀን እንደገና። እኔን ነው የጠረጠረችው፣ ድንች ጥብስ ትበላለህ ብላ። ለካ እንጨቱ ውስጥ ነቀዝ አለ። እንጨት የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ናት፣ የበላችውን ዱቄት አድርጋ በቀዳዳው ትገፋዋለች። ሌሊት ሌሊት ከራስጌያችን በላይ ሰሌዳችንን ስትበላ ከርማለች። ያን ሁሉ ጣውላ ጣልኩት። አሁን አሮጌ እንጨት ከመግዛቴ በፊት በመዶሻ እመታዋለሁ፣ ከስሩ ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ። ዱቄት ከወረደ ደህና ሁን።

ቀለም ያለው አሮጌ ጣውላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አሜሪካ የሊድ፣ ማለትም እርሳስ ያለበትን፣ ቀለም ለቤት የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ብታሹት አቧራው መርዝ ሊሆን ይችላል፣ ለልጅ በተለይ። ያን የበረት ቀይ ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ። ጥንታዊው ቀይ በዋናነት የተልባ ዘይትና የብረት ዝገት ነበር። ተልባ! እኛ የምንጠጣውን እነሱ በረት ቀብተውበታል። ግን ጣውላው ላይ ያለው የትኛው ቀይ እንደሆነ በዓይን አይለይም። መመርመሪያው ከሱቅ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ወይም ሳትነኩት ቫርኒሽ ከላዩ አልብሱት።

ነፃ እንጨት የምትፈልጉ ፓሌት፣ ያንን የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ፣ ትፈቱ ይሆናል። ጎኑ ላይ የተተኮሰ ማኅተም አለ፣ እዩት። ኤችቲ ካለ በሙቀት የታከመ ነው፣ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። ኤምቢ ካለ በጋዝ የታጠነ ነው፣ ቤታችሁ አታስገቡት። አያችሁ፣ እሱም ምልክት ነው፣ የሚነበብ።

አዲስ እንጨት ማስረጀት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ያውም በወጥ ቤት ዕቃ። ያ ቀጭን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አለ አይደል፣ ሱፍ የሚመስለው? ማሰሮ ውስጥ ከተታችሁ አቼቶ ታፈሱበትና አንድ ሁለት ቀን ታቆዩታላችሁ። ክዳኑን እንዳታጠብቁ፣ ጋዝ ያወጣል። ያንን እንጨቱን ስትቀቡት ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል፣ ሻይ ውስጥም ካለ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ኦክ ታኒን ስላለው ወዲያው ይይዛል። ፓይን ግን ድሃ ነው፣ ታኒኑ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ጥቁር ሻይ አፍልታችሁ ትቀቡታላችሁ፣ ሲደርቅ ያንን አቼቶ።

የመጀመሪያ ቀን እኔ ሻዩን እንደኛ አገር ሻይ አወፈርኩት። እናቴ ነበረች ያፈላችው፣ ቅርንፉድ ሁሉ ጨምራበት። ጣውላው ከሰል ሆነ። በዚያ ላይ ቤቱ ለሦስት ቀን እንደ ሻይ ቤትና እንደ ሰላጣ ሸተተ። ቀጠን አድርጉት ለማለት ነው።

ስለ አሰቃቀል አንድ ነገር ብቻ። የአሜሪካ ግድግዳ የጂፕሰም ቦርድ ነው፣ ከኋላው ቋሚ እንጨት አለ፣ በየ16 ኢንቹ፣ 40 ሳንቲ ገደማ። ከባድ ጣውላ እሱን ፈልጋችሁ ነው የምትመቱት። አዲስ አበባ ብሎኬት ላይ ድሪልና ፊሸር ነው የለመድነው፣ እዚህ እንዲያ ብታደርጉ ቦርዱን ይዞት ይመጣል። ውሃ ልክም ያዙ። ጄሲ ጀምስን አስታውሱ።

ስለ ጽሑፉ ልጨምር። «ሳቅ፣ ውደድ፣ ጨፍር» የሚሉትን፣ «ቦት ጫማህን ጥረግ» የሚሉትን፣ ሁለቱን ብታስመርጡኝ የጫማውን ነው የምሰቅለው። እሱ ቢያንስ የሚጠይቀው ነገር አለ። የሰፈራችን ሱቅ ውስጥ «ዱቤ ነገ እንጂ ዛሬ የለም» የሚለውን ታስታውሳላችሁ? ባለሱቁ ለጌጥ አልጻፈውም። በአፉ ከማለት ያድነዋል። የታክሲዎቻችን ጥቅስም ግማሹ ተሳፋሪ የሚገሥጽ ነበር። ታፔላ እንዲያ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ፣ ሥራ ላይ ሲሆን።

በአማርኛ ይሠራል ወይ ብለው አንድ ጋሼ ጠይቀውኛል። ይሠራል፣ ግን ያስለቅሳል። «ዌልካም» በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሥራ አንድ ነው፣ እያንዳንዱም ሙሉ ፊደል። ጣውላ አይበቃም። ዋናው ችግር ግን ስቴንስሉ ነው። ፊደሉን ከፕላስቲክ ቆርጣችሁ ስታነሱ መሐሉ የተዘጋ ነገር ካለው እሱ አብሮ ይወድቃል። «መ» ሁለት ዓይን አለው። መጀመሪያ ስቆርጠው ሁለቱም ዓይኖቹ ወደቁ፣ ቀለም ስቀባበት ሁለት ጥቁር ድንጋይ ሆነ። የግድ በቀጭን ድልድይ ማያያዝ ነው። ከእንግሊዝኛው የሚሻል ነገርም አለው። የእኛ ፊደል ጥንቱን በሸምበቆ ብዕር ስለተጻፈ ውፍረቱን ይዞ ነው የመጣው፣ የካውቦይ ጣውላ ላይ ስታስቀምጡት እንግዳ አይመስልም። ቦት ጫማ ማድረግ አያስፈልገውም።

ወደ እናቴ ልመለስና ላብቃ፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ይሸተኛል።

«ተፈላጊ»ን አልጋ ስር ከከተተችው በኋላ ስቶክያርድስ ወሰድኳት። እዚያ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ረጃጅም ቀንድ ያላቸውን በሬዎች በመንገዱ ላይ ይነዳሉ፣ በሀበሻ ሰዓት 5:30 እና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ። እሷ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከብት እየጠበቀች ያደገች ናት። ቱሪስቱ ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ እሷ ከብቶቹን ነው የምታየው። «ጎናቸው ላይ ያለው ጠባሳ ምንድነው?» አለች። ስለ መተኮሱ ነገርኳት፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ማቨሪክ። ሰምታኝ ስታበቃ «እኛ ላማችንን በስሟ ነበር የምንጠራት። ቡሬ ስትባል ትመጣለች። ለምን ትተኮሳለች?» አለችኝ። ሺህ ከብት አጥር በሌለው ሜዳ ላይ ቢሆንስ ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። «ሺህ ከሆነማ ስም አይያዝም» አለች፣ ሐዘን በመሰለ ነገር።

በማግስቱ ከፓሌት ያወጣሁትን አንድ ጣውላ አነሳሁና በሚግል ብረት «ቡሬ» ብዬ ተኮስኩበት። ሁለት ፊደል ነው፣ ቀላል ነው። የ«ሬ» ቀለበት ብቻ ትንሽ አስቸገረኝ። ወጥ ቤት በር ላይ ሰቀልኩላት። የ«ተፈላጊ» ሚስማር እስከ ዛሬ ባዶውን ነው፣ ልጁ ቁልፍ ይሰቅልበታል።

አሁን ቤታችን የመጣ የጎጃም ሰው ሁሉ ያንን ያይና «ከቡሬ ናችሁ እንዴ? የኛ አገር ሰዎች ናችሁ!» ብሎ ይስቃል፣ ዘመድ ሊቆጥር ይቀመጣል። እናቴም በቪዲዮ ካለች ከስልኩ ውስጥ ሆና «አይ ልጄ፣ ላም ናት» ትለዋለች።